ማስክ እምቢ ያለ ልጅን ማለማመድ፦ ከኩኩሉ ጨዋታ እስከ ታክሲ ወንበር

የእህቴ ልጅ 4 ዓመቱ ላይ የደም ካንሰር ተገኘበት። ኬሞ ሲጀምር ሐኪሞቹ ለእህቴ በግልጽ ነገሯት። መድኃኒቱ ነጭ የደም ሴሎቹን ስለሚያወርድ ሰውነቱ ተራ ጉንፋን እንኳ የሚመክትበት አቅም ያጣል፤ ስለዚህ ሰው ወደተሰበሰበበት አታውጡት፣ መውጣቱ ግድ ከሆነ ደግሞ ማስክ ያድርግ አሏት። አቡሽ ግን፣ ቤት ውስጥ የምንጠራው እንዲህ ነው፣ ማስክ ገና ከቦርሳ ሲወጣ ካየ አገጩን ደረቱ ላይ ቀብሮ ይጮሃል። የመጀመሪያው የቀጠሮ ቀን ሆስፒታሉ በር ላይ እኔ ሁለት እጆቹን ያዝኩ፣ እህቴ ላስቲኩን ጆሮው ላይ አጠለቀችለት። እስኪያስመልሰው አለቀሰ። ከዚያ ወዲያ ነጭ ነገር ወደ ፊቱ ሲጠጋ፣ ንፍጡን የምንጠርግበት ሶፍት እንኳ ቢሆን፣ ይሸሽ ጀመር።

የበለጠ የቆጨኝ የኬጂ መምህር መሆኔ ነው። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የተዘጉት ትምህርት ቤቶች በ2013 ሲከፈቱ፣ ማስክ አድርገው የመጡ የ4ና የ5 ዓመት ልጆችን ክፍሌ ውስጥ ተቀብያለሁ። የትኛው ለምን እንደሚያወልቅ፣ የትኛው በምን እንደሚረጋጋ ቀን በቀን አይቻለሁ። የታመመው ልጅ የቤቴ ሲሆን ግን ጭንቀቱ ሁሉንም አስረሳኝ። ከዚያ ከእህቴ ጋር ቁጭ ብለን ነገሩን ከሀ ጀመርን፤ ሦስት ሳምንት ያህል ፈጀብን። ከዚህ በታች የጻፍኩት ያ የሄድንበት መንገድ ነው። ጠቅላላው በአንድ ነገር ላይ ይቆማል፤ ልጅ ማስኩን በፈለገ ሰዓት በገዛ እጁ ማውለቅ እንደሚችል ካላመነ አያደርገውም።

መጀመሪያ፦ ልጃችሁ ማስክ ያስፈልገዋል ወይ?

ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማስክ አይደረግም። የአየር ቧንቧው ጠባብ ነው፤ ሲታፈን ማውለቅም፣ መናገርም አይችልም። ሕፃን አዝላችሁ ስትሄዱም ብርድ እንዳይመታው ብላችሁ ፊቱን በነጠላ ወይም በጋቢ ጨርሳችሁ አትሸፍኑት፤ አፍና አፍንጫው ለአየር ክፍት ይሁን። የተኛ ልጅ፣ ዕድሜው ምንም ያህል ቢሆን፣ ማስክ አድርጎ አይተኛም። መኪና ውስጥ እንቅልፍ ሸለብ ካደረገው ቀስ ብላችሁ አውልቁለት። ያለ ሰው እርዳታ ማውለቅ የማይችል ልጅም እንዲሁ ማስክ አይደረግለትም።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ነሐሴ 2012 ዓ.ም. በጋራ ባወጡት ምክር፣ 5 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ማስክ እንዲያደርጉ መገደድ የለባቸውም ብለዋል። ከ6 እስከ 11 ዓመት ያሉት እንደ አካባቢው ሁኔታና እንደ አዋቂ ክትትሉ፣ ከ12 ዓመት ጀምሮ ደግሞ እንደ አዋቂ ይታያሉ። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ግን መነሻውን 2 ዓመት አድርጎት ነበር። ስለዚህ ከ2 እስከ 5 ያለው ዕድሜ የወላጅና የሐኪም ማመዛዘን የሚጠይቅ ነው።

የእኔን አስተያየት ልንገራችሁ። ጤነኛ የ3 ዓመት ልጅ ግቢ ውስጥ ወይም ሜዳ ላይ ለሚሮጥበት ጊዜ ማስክ አትጠይቁት። የልጅ ትዕግሥት ትንሽ ናት፤ ለሚያስፈልግበት ቦታ ቆጥቡለት። የሚያስፈልገው ሐኪም ሲያዝ፣ በተጨናነቀ ታክሲ ውስጥ፣ ሳል የበዛበት የሕክምና መጠበቂያ ክፍል ውስጥ፣ ወይም ልጁ ራሱ እያሳለው አራስ ያለችበት ቤት መግባቱ ግድ ሲሆን ነው።

እምቢታው ከየት መጣ?

«እልኸኛ ስለሆነ ነው» የሚል መልስ ብዙ ሰምቻለሁ። ክፍሌ ውስጥ ግን በእልህ ብቻ ማስክ ያወለቀ ልጅ አላስታውስም። ማስኩን ስጡትና የመጀመሪያው እንቅስቃሴው ወዴት እንደሆነ ተመልከቱ። እጁ ወደ ጆሮው ከሄደ ላስቲኩ እየቆረጠው ነው። አፍንጫውን ከጨማደደ ሽታው ነው፤ አዲስ ማስክ ከፌስታሉ ሲወጣ የፋብሪካ ሽታ አለው፣ እኛ ለምደነው አይሰማንም። ከአንድ ሁለት ትንፋሽ በኋላ ወደ ታች ከጎተተው የራሱ ሙቅ ትንፋሽ ፊቱ ላይ ተመልሶ አስደንግጦታል። ገና ሳይነካው ከሸሸ ደግሞ ፍርሃት ነው፤ ማስክ ያደረጉ ሰዎች መርፌ ሲወጉት አይቷል፣ ወይም አንድ ሰው በግድ አድርጎበታል። የአቡሽ የመጨረሻው ነበር፤ ያስፈራነውም እኛው ነን።

አንዲት የክፍሌ ልጅ ከአምስት ደቂቃ በላይ ማስክ አታደርግም ነበር። እናቷ መክራና ተቆጥታ ሰለቻት። አንድ ቀን ተንበርክኬ ጆሮዋ ሥር ሳይ፣ ሹሩባዋ ገና አዲስ ነው፣ ጠበቅ ተደርጎ የተሠራ። ላስቲኩ የመጨረሻዎቹን ቀጫጭን ጉንጉኖች እየሳበ ቆዳዋን አቅልቶታል። ያ ሁሉ «እምቢ» ይህ ነበር። የፀጉር ማሰሪያ ጨርቋ ላይ ከጆሮዋ በላይ ግራና ቀኝ ሁለት ቁልፍ ሰፋንላትና ላስቲኩ ከጆሮዋ ፋንታ ቁልፉ ላይ ገባ። እስከ ዕረፍት ሰዓት ሳትነካው ዋለች። ለወንድ ልጅም ኮፍያ ላይ እንዲሁ ይሰፋል።

ሽታ ከሆነ ከፌስታሉ አውጡና ንጹሕ ቦታ ላይ አንድ ሌሊት ሰቅላችሁ አናፍሱት። ሽቶ አትርጩበት።

ልኩ የሆነ ማስክ

የአዋቂ ማስክ የትንሽ ልጅ ፊት ላይ አይቆምም፤ ልጁ አንድ ቃል ሲናገር ከአፍንጫው ይወርዳል፣ ወይም ወደ ዓይኑ ይወጣል። ፋርማሲ የሚሸጠው የአዋቂ ማስክ ወርዱ አብዛኛውን ጊዜ 17.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የልጅ የሚባለው ወደ 14.5 ሳንቲ ሜትር ነው። ስትገዙ «የልጅ» ብላችሁ ጠይቁ። ልክ የሆነ ማስክ ከላይ የአፍንጫውን አጥንት ይዞ፣ ከታች አገጩን አልፎ፣ በጉንጩ በኩል ክፍተት ሳይተው ይቀመጣል።

የልጅ ካጣችሁ የአዋቂውን ማሳጠር ይቻላል። ማስኩን በርዝመቱ ለሁለት እጠፉት፤ እያንዳንዱን ላስቲክ ማስኩ ጠርዝ አጠገብ አንድ ጊዜ ቋጥሩት፤ ከዚያ ዘርግታችሁ ከቋጠሮው አጠገብ ቦርቀቅ ብሎ የሚቀረውን ጎን ወደ ውስጥ እጠፉት። ላስቲኩም ያጥራል፣ በጎን የሚገባው አየርም ይቀንሳል። ባለቀለሙ ወገን ወደ ውጭ፣ ነጩ ወደ ፊት፣ ሽቦዋ ወደ ላይ ይሁን። ሽቦዋን ለልጁ ከማድረጋችሁ በፊት በጣታችሁ ቆልመም አድርጉለት፤ ፊቱ ላይ እያለ አፍንጫውን መቆንጠጥ የሚወድ ልጅ አላጋጠመኝም።

የጨርቅ ማስክ ከሆነ ደጋግሞ የታጠበና የለሰለሰ የጥጥ ጨርቅ ቆዳውን አይፍቀውም፤ አዲስ አቡጀዴ ግን ሳይታጠብ ይሻክራል። ካንሰር ወይም ሌላ ከባድ ሕመም ላለበት ልጅ ግን የትኛው ዓይነት እንደሚሻል የሚያክመውን ሐኪም ጠይቁ፤ የእኛዎቹ ከጨርቁ ይልቅ ባለሦስት ንብርብሩን የሕክምና ማስክ ነው ያዘዙት። አንገት ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀር ማሰሪያ ያለውን አትግዙ። ሸርተቴ ወይም አጥር ላይ ቢያዝ አንገቱን ያንቀዋል።

ምርጫ ስጡት፤ «ታደርጋለህ ወይስ አታደርግም?» ሳይሆን «ሰማያዊውን ነው ቢጫውን?» በሉት።

ሁለትና ሦስት ቀን ምንም አትጠይቁት

ይህን እርምጃ ወላጅ ሁሉ መዝለል ይፈልጋል። አትዝለሉት። ማስኩ ቤት ውስጥ ይታይ፤ አሻንጉሊቱ ያድርግ፣ የሶፋው ትራስ ያድርግ፣ እናንተም ስታደርጉና ስታወልቁ ይያችሁ። ስለ ማስክ ግን ምንም አትበሉት።

በእኛ ቤት በሩን የከፈተልን በርበሬ ነው። እናቴ ጓሮ በርበሬ ስታስወቅጥ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ድረስ ተከናንባ ነበር። አቡሽ በረንዳ ላይ ሆኖ ያስነጥሳል። «አያቴ ለምን ተሸፈነች?» አለኝ። «በርበሬው አፍንጫዋ ውስጥ እንዳይገባ ነዋ» አልኩት። ትንሽ አሰበና «እኔስ?» አለ። ሹራቡን ወደ ላይ ሳብ አድርጎ አፍንጫውን ሸፈነ፤ ሳቀም። ከሆስፒታሉ ቀን ወዲህ ፊቱን ሲሸፍን ያየሁት ያኔ ነው። ስለ ጀርም ማስረዳት የቻልነው ከዚያ በኋላ ነው፤ «ጀርም እንደ በርበሬ ብናኝ ነው፣ አይታይም ግን አፍንጫ ውስጥ ይገባል» አልነው፤ ገባው። እናንተም ልጃችሁ በዓይኑ ያየውን ፈልጉ፤ የመንገድ አቧራ፣ የእጣን ጭስ፣ አያት በብርድ ሲከናነቡ። ነጠላ መከናነብ የሚያውቅ ልጅ ማስክን ግማሽ መንገድ ያውቀዋል።

በዚህ ጊዜ ማስፈራሪያ ከቤት ይውጣ። «ማስክህን ካላደረግክ ዶክተሩ ይወጋሃል» የሚለው ቃል የሳምንት ሥራ ያፈርሳል፤ ማስኩንም፣ ዶክተሩንም፣ መርፌውንም አንድ ላይ ያስርባቸዋል።

ኩኩሉ

ኩኩሉን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዓይኑን የጨፈነው «ኩኩሉ!» ይላል፣ የሚደበቁት «አልነጋም!» ይላሉ፤ ተደብቀው ሲያበቁ «ነግቷል!» ይላሉ። እኛ ይህን ጨዋታ ወደ ማስክ አመጣነው፤ ብዙውን ሥራ የሠራልንም ይኸው ነው።

መሬት ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ቁመታችሁ ከልጁ ጋር እኩል ይሁን። ሆዱ የጠገበበት፣ እንቅልፍ ያልመጣበት ሰዓት ምረጡ። መጀመሪያ እናንተ ተጫወቱ። ማስካችሁን ፊታችሁ ላይ ያዙ፣ ልጁ «ኩኩሉ!» ይበል፣ እናንተ ከውስጥ ሆናችሁ «አልነጋም!» በሉ፤ ሁለት ሦስቴ ከተባባላችሁ በኋላ «ነጋ!» ብላችሁ አውልቁና ፊታችሁን ሙሉ አሳዩት። ልጁ የሚስቀው ፊታችሁ ሲመለስ ነው። ማስክ ፊት እንደማይወስድ የሚያየው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ተራው የእሱ ነው። ማስኩን በሁለት እጁ ላስቲኮቹን ይያዝ፤ የእናንተ እጅ ጭናችሁ ላይ ይቀመጥ። አትርዱት። ፊቱ አጠገብ ያምጣው፣ ባይነካውም ይሁን። «ኩኩሉ!» በሉት። «ነጋ» የሚለው እሱ ብቻ ነው፤ የጨዋታው ሕግ ይህ ነው፣ እናንተ አታንጉበት፣ አታስመሹበትም። የአቡሽ የመጀመሪያው «ሌሊት»፣ ማስኩን ይዞ የቆየበት ጊዜ ማለቴ ነው፣ አንድ ትንፋሽ አይሞላም፤ «አልነጋም» ሳይል «ነጋ!» ብሎ ወረወረው። አጨበጨብን። ሁለተኛው ቀን አንድ «አልነጋም» አለ። በአራተኛው ቀን አንዱን ላስቲክ ራሱ ጆሮው ላይ አጠለቀ፣ ሌላው እንደተንጠለጠለ ነው፣ ማስኩ በአንድ ጉንጩ ላይ ተወዛወዘ፤ እህቴ ልታስተካክል እጇን ስትሰነዝር በዓይኔ ከለከልኳት። በማግሥቱ ሁለቱንም አጠለቀ።

በቀን ሁለት ጊዜ፣ እያንዳንዱ ከአምስት ደቂቃ ያልበለጠ ይበቃል። ልጁ ገና መጫወት እየፈለገ ሳለ አቁሙ። ስታመሰግኑት የሠራውን ነገር ጥሩለት፤ «ላስቲኩን ራስህ አጠለቅከው፣ ጎሽ!» ማለት ዝም ብሎ «ጎበዝ» ከማለት ይጠቅመዋል። በከረሜላ አትግዙት። ከረሜላ ደግሞ የሚበላው ማስክ ወልቆ ነው፤ ስለዚህ ለማውለቅ ምክንያት ትሰጡታላችሁ።

ሌሊቱን ማስረዘም

አሁን ሌሊቱ ቀስ እያለ ይርዘም። ሦስት ትንፋሽ፣ ከዚያ አንድ የልጆች መዝሙር እስኪያልቅ፣ ከዚያ ሁለት ደቂቃ፣ አምስት፣ አሥር። ወደሚቀጥለው የምትሄዱት ያለውን ሁለት ጊዜ ሳይጨነቅ ከጨረሰ በኋላ ነው። እጁን የሚይዝ ሥራ ስጡት፤ ሥዕል መቀባት፣ ምስር መልቀም፣ ጭቃ ማቡካት። ፊልም ማየት ይቀላል ግን እጁ ሥራ ፈት ስለሚሆን ወደ ማስኩ ይሄዳል።

ትንፋሹ የሚያስጨንቀው ልጅ አተነፋፈስ ይማር። «ቡና ሲቆላ እንደምታሸተው በአፍንጫህ ሳብ፤ ትኩስ ሻይ እንደምታበርድ በአፍህ ቀስ ብለህ እፍ በል።» ይህን መጀመሪያ ያለ ማስክ፣ ቀጥሎ በማስክ ሞክሩት።

ጎን ለጎን ዓይን ማንበብ አስተምሩት። ትንንሽ ልጆች ሰው ተቆጣ ወይስ ሳቀ ብለው ሲያዩ አፉንም ጭምር ነው የሚያዩት፤ አፉ ሲሸፈን ግራ ሊገባቸው ይችላል። ማስክ አድርጋችሁ ሳቁና «አሁን ምን ሆንኩ?» በሉት፤ አኩርፉ፣ ደንግጡ፣ ይገምት። እኔ ክፍሌ ውስጥ «የዓይን ሳቅ» የሚባል ጨዋታ ነበረን፤ ልጆቹ «ሚስ፣ እየሳቅሽ ነው!» ብለው ሲይዙኝ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። ማስክ ካደረገ ልጅ ጋር ስታወሩም ድምፃችሁን ሞቅ፣ ቅንድባችሁን ከፍ አድርጉ።

አያት ቤት ውስጥ ካሉ

በዚህ መሃል አንድ ቀን እናቴ ገብታ አየችው። «ኧረ ልጄን አፈናችሁት! ሕመሙ አንሶት ነው?» ብላ ልታወልቅለት ሄደች። አልፈርድባትም፤ ከፍቅሯ ነው። ነገር ግን አንድ የቤት ሰው በልጁ ፊት «ታፈነ» ካለ ልጁ በዚያው ሰዓት መታፈን ይጀምራል። እህቴ ወደ ጓዳ ወሰደቻትና «እማዬ፣ በርበሬ ሲወቀጥ አንቺስ ትከናነቢ የለ? ቀዶ ጥገና የሚሠሩት ሐኪሞች ይህንኑ አድርገው ለሰዓታት ይቆማሉ፤ አየር ያስገባል። እሱ ካንቺ ቢያየው ከእኛ ይልቅ ይሰማሻል» አለቻት። በማግሥቱ እናቴ ራሷ «ኩኩሉ» እያለች ስታጫውተው አገኘኋት። ትልልቆቹን ከሥራው አታርቋቸው፤ የሚሠሩት ነገር ስጧቸው።

ከደጅ ውጭ

የመጀመሪያው ጉዞ ሆስፒታል አይሁን። ሰፈር ያለ ሱቅ ይሁን፤ ዳቦ ገዝቶ መመለስ። ሁለተኛው ትንሽ ራቅ ያለ ይሁን። ታክሲ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት ምልክት ተስማሙ። አቡሽ ማረፍ ሲፈልግ ጣቴን ሁለት ጊዜ ጨመቅ ያደርጋል፤ «ይንጋ?» ማለቱ ነው። እኔም ወይ ገለል ያለ ቦታ አግኝቼ ወዲያው አሳርፈዋለሁ፣ ወይ «ያቺ ሰማያዊ ታቤላ ያላት ሱቅ ጋ ስንደርስ» ብዬ በዓይኑ የሚያየውን ቦታ እነግረዋለሁ፤ እዚያ ስንደርስም ቃሌን እጠብቃለሁ። «ትንሽ ቆይ» የሚለውን ግን አትበሉ። አንድ ቀን ታክሲው ሞልቶ ተጨንቄ ሦስት ጊዜ «ትንሽ ቆይ» አልኩት። በአራተኛው ማስኩን አውልቆ በመስኮት ወረወረው። እውነቱን ነው፤ ምልክቱ የሐሰት እንደሆነ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ለአራት ቀን ወደ ቤት ኩኩሉ ተመለስን።

ታክሲ ላይ በመስኮት በኩል ተቀመጡ። ሰው ብርድ ይመታኛል ብሎ መስኮት ይዘጋል፤ «ይቅርታ፣ ልጁ ሕመምተኛ ነው፣ ትንሽ ልክፈተው» ስትሉ እምቢ የሚል ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ሰልፍና ግፊያ ያለበትን ሰዓት ከቻላችሁ አሳልፉት። ተሳፋሪው «ወይኔ፣ ምን ሆኖ ነው?» ማለቱ አይቀርም፤ ልጁ ከንፈር ሲመጠጥለት ይሸማቀቃል፤ ስለዚህ መልስ አስጠኑት። አቡሽ «ጀርም እንዳይገባብኝ ነው» ይላል፣ ሰውም ይስቃል፣ ያልፋል።

ቦርሳ ውስጥ ሁለት ሦስት ትርፍ ማስክ በንጹሕ ፌስታል ያዙ። ልጆች ያኝኩታል፣ በምራቅ ያርሱታል፤ የረጠበ ማስክ ይቀየራል። ኬጂ የሚሄድ ከሆነ ስም ጻፉበት፤ የእኔ ተማሪዎች የጓደኛቸው ማስክ ቀለሙ ካማራቸው ይለዋወጡ ነበር። የጨርቁን በየቀኑ በሙቅ ውኃና በሳሙና አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት፤ የሕክምናውን አታጥቡት፣ ይጣላል። ሲያወልቅ ላስቲኩን ይዞ እንጂ ፊቱን ነክቶ እንዳይሆን፣ ከዚያም እጁን እንዲታጠብ አስለምዱት።

ቀጠሮው ነገ ከሆነስ?

ለሦስት ሳምንት ጊዜ የሌላችሁ አላችሁ፤ እኛም እንዲያ ነበርን። ያኔ ማስኩን ልጁ ላይ አታስገድዱ፤ በዙሪያው ያለውን አስተካክሉ። አብራችሁት ያላችሁት ሁሉ ማስክ አድርጉ። አንዱ ቀድሞ ገብቶ ካርድ ያውጣ፣ ልጁ ውጭ አየር ላይ ይጠብቅ፣ ተራው ሲደርስ ይግባ። ለነርሷ «ነጭ የደም ሴሉ ዝቅተኛ ነው፣ ከሚያስሉት ራቅ ብለን እንጠብቅ?» በሏት፤ ነገሩ ይገባታል። መተላለፊያው ከተጨናነቀ አቅፋችሁ ፊቱን ወደ ትከሻችሁ አዙሩት። እጅ ይዞ ማድረግ ለዚያ ቀን ይሠራ ይሆናል፤ ለሚቀጥሉት ቀጠሮዎች ግን የምትከፍሉት ብዙ ነው።

ተጠንቅቃችሁ የምታዩአቸው

አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ልጅ ከሐኪሙ ጋር ሳትነጋገሩ አትጀምሩ። ማንኛውም ልጅ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ጎድኑ መሃል ወደ ውስጥ እየገባ ከሆነ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ከፈዘዘ ማስኩ ይውለቅ፤ ካወለቀም በኋላ ካልተሻለው ቶሎ ወደ ሕክምና ይሂድ።

ኦቲዝም ላለበት ልጅ የጨርቁ መነካት ራሱ ሕመም ሊሆንበት ይችላል። ከላይ ያለው መንገድ ይሠራል፣ ግን የእኔ አንድ ቀን ለእሱ አንድ ሳምንት ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ጨርቁን በእጁ፣ ከዚያ በክንዱ፣ ከዚያ በጉንጩ ያስነካ። አዲስ አበባ ላላችሁ፣ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የመሠረቱት የኒያ ፋውንዴሽን ጆይ የኦቲዝም ማዕከል በዚህ ረገድ የረጅም ጊዜ ልምድ አለው። አንዳንዱ ልጅ ግን ምንም ቢደረግ አይችልም፤ ያኔ ማስኩን የሚያደርገው በዙሪያው ያለው ሰው ነው።

ማስተው

ይህን የሚነግራችሁ ሰው ላታገኙ ትችላላችሁ። የአቡሽ ሕክምና ከሁለት ዓመት በላይ ፈጀ። ሐኪሙ «አሁን ማስኩ ይቅር» ሲል እኛ ዘለልን፤ እሱ ግን አላወልቅም አለ። ያለ ማስክ ደጅ መውጣት ራቁት የመውጣት ያህል ሆኖበት ነበር። አልተከራከርነውም። በመጣንበት መንገድ ወደ ኋላ ተመለስን፤ መጀመሪያ በረንዳ ላይ፣ ከዚያ ግቢ ውስጥ፣ ከዚያ ሰው በሌለበት መንገድ፤ ማስኩ ኪሱ ውስጥ አለ፣ በፈለገ ጊዜ ያደርገዋል። አሁንም «ነጋ» የሚለው እሱ ነው።

አንድ ጠዋት ዳቦ ልንገዛ ሄድን። ተራችን ሲደርስ አንዱን ላስቲክ አወረደ፣ ቆየት ብሎ ሌላውንም። ማስኩን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ባለሱቁን ቀና ብሎ አየው። «ነግቷል» አለው። ባለሱቁ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባውም፤ «አዎ፣ ነግቷል የኔ ጌታ፤ ስንት ልስጥህ?» አለው።